የልጃችንን መርፌ እንጠብቃለን

ሀቫና፣ ነሐሴ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለአዳዳ ሐጂራ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ክረምቱን እንዴት ይዘውታል? ጉልበትዎስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትና ከአደንጓሬ ብዛት በቀር የሚጎዳኝ የለም። እዚህ ምሳ ሩዝ በአደንጓሬ፣ እራት ደግሞ አደንጓሬ በሩዝ ነው።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ሐኪም ሊሆን ሄዶ በሽተኛ አላይም የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ውስጥ ቁጣ እንዳለ ገብቶኛል። ከሆስፒታል ወደ ላቦራቶሪ የተዛወርኩት በራሴ ፈቃድ ነው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በቅጡ አልነገርኩዎትም።

በ1973 ማጅራት ገትር ልጅዎን ሸኩርን ሲወስደው እኔ ከጎኑ ተኝቼ ነበር። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሁለታችንንም በአንድ ፍራሽ፣ በአንድ ብርድ ልብስ አሳደጉን። ማታ ራሴን አመመኝ አለ፤ ጠዋት አንገቱ ደርቆ አልታጠፍ አለ፤ ለዙህር ሶላት ሳይደርስ አለፈ። እኔን አልነካኝም። እርስዎ ያን ጊዜ «አላህ አንተን ተወልኝ» አሉ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ትንፋሹ ያው፣ ብርድ ልብሱ ያው፤ ታዲያ የሸኩር ደም ያላወቀውን የኔ ደም ከየት አወቀው?

ሥራዬ ይኸው ጥያቄ ነው። እርስዎ ጨርቅ ነጋዴ ስለሆኑ በጨርቅ ላስረዳዎት። ማጅራት ገትርን የሚያመጣው ባክቴሪያ በላዩ ላይ ከስኳር የተሠራ ካባ ይደርባል። ካባው እንደየዘሩ ይለያያል፤ እኛ አገር የገባው አንድ ዓይነት ለብሶ ነበር፣ እዚህ አገር ሕፃናትን የሚፈጀው ሌላ ዓይነት ይለብሳል። አሁን በዓለም ላይ ያለው ክትባት ካባውን ለሰውነታችን አሳይቶ «ይህን የለበሰ ከመጣ ያዘው» የሚል ነው። ለእኛ አገሩ ዓይነት ይሠራል። ግን ለጨቅላ ሕፃን እምብዛም አይረባም፤ ለትልቁም ከጥቂት ዓመት በኋላ ኃይሉ ያልቃል። የዚህኛው አገር ካባ ደግሞ የራሳችንን ገላ ስለሚመስል፣ ሰውነት እንደ ቤተሰብ ቆጥሮ ያሳልፈዋል።

ስለዚህ እኛ ካባውን ትተን ከሥሩ ያለውን ቆዳ እንመረምራለን። በቆዳው ላይ ፕሮቲኖች አሉ። አብዛኞቹ ከአገር አገር ይለዋወጣሉ። ጥቂቶቹ ግን በሁሉም ዘር ላይ ሳይለወጡ ይገኛሉ፤ ባክቴሪያው የሚበላባቸው ስለሆኑ ሊቀይራቸው አይደፍርም። ሌባ ጋቢውን ይለውጣል እንጂ አፉን ቤት ትቶ አይወጣም። ያንን የማይለወጠውን ካገኘን፣ አንድ ክትባት ለሁሉም ዘር ይሆናል፣ ለሕፃናቱም ጭምር። ኢንሻአላህ።

ለእህቴ ለለጢፋ፣ ለአጎቴ ለአብደላና በደዶ ላሉት ዘመዶች ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ ቲጃኒ


ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለቲጃኒ፣

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ ከክፉ ዓይንም ከባሕር ውሃም ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ከኔ ጋር መስማማት ትቷል። ለጢፋ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ከባሏ ጋር ደህና ናት። ሴት ልጅ ወልዳልናለች፣ ስሟን ፈድሊያ ብለናል። የሦስት ወር ልጅ ሆና እንደ ሊቀመንበር ትጮሃለች። ይህንን ለማንም አታንብብ።

ስለ ሸኩር የጻፍከውን ለብቻዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ አጥፌ አስቀመጥኩት። ሌላውን ግን ለሰው አነበብኩ፤ የውጭ አገር ደብዳቤ ለብቻ ተነብቦ ቢቀር ቅሬታ እንደሚሆን ታውቃለህ። የደረሰኝም በመውሊድ ሰሞን ነው። የደዶዎቹ በሙሉ መጥተው ነበር፤ ወንድሜ አብደላ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነጎረቤቱ። ዱዓው እንዳበቃ «የቲጃኒ ደብዳቤ ይነበብ» ተባለ። ድሮ የሰው ልጅ ለምኜ ነበር የማስነብበው። አሁን መነጽሬን አደረግኩና ራሴ ተነሣሁ። መሠረተ ትምህርት ስገባ የሳቀብኝ አብደላ አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

በአማርኛ አነባለሁ፣ ለደዶዎቹ በኦሮምኛ እመልሳለሁ። አንተ ደግሞ ስትጽፍ አታበቃም። ምግቡ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ካባውንና ቆዳውን አሳጠርኩት፤ ፍሬ ነገሩን ግን አልጣልኩም። ያለው መርፌ ለሕፃን አይረባም፣ ለትልቁም ቶሎ ያልቃል፣ ቲጃኒ ከዚያ የሚበልጠውን እየሠራ ነው አልኳቸው። ሰዉ ሁሉ ማሻአላህ አለ። አብደላ ብድግ ብሎ «ኑቲ ሊልሞ ኢልማ ኬኛ ኤግና» አለ። አደንጓሬው ኦሮምኛህን አስረስቶህ እንደሆነ፣ የልጃችንን መርፌ እንጠብቃለን ማለቱ ነው። ሼኹ አሚን አሉ። ቤቱም አሚን አለ። እኔ በዚያ ቀን በደስታ ጉልበቴን ረሳሁት።

የደዶ ነገር እንደምታውቀው አይደለም። ከኮረብታው አውርደው በመስመር አስፍረዋቸዋል። ቤቱ ከቤቱ ከመጠጋቱ የተነሣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው የርሐሙከላህ ይላል። የአብደላ ትልቁ ልጅ ሸምሰዲንም ከሄደበት ደብዳቤ አልጻፈም። ይህን በዚህ እተወዋለሁ።

ለጉልበቴ የሚቀባ ነገር ካገኘህ ላክልኝ። አብደላ ለሬዲዮው ድንጋይ ይላክልኝ ብሏል፤ አትላክለት፣ ቀኑን ሙሉ ነው የሚያስጮኸው። መሠረተ ትምህርት ላይ ደብዳቤ በመፈክር ይዘጋል ብለው አስተምረውናል። እኔ ግን በዱዓ እዘጋለሁ። አላህ የጀመርከውን ያስጨርስህ።

አዳዳህ ሐጂራ


ሀቫና፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለውድ አዳዳ ሐጂራ፣

አሰላሙ አለይኩም። ፈድሊያን አላህ በእቅፍዎ ያሳድጋት። የሊቀመንበሩን ነገር ለማንም አላነበብኩም፤ ለብቻዬ ግን ሳቅኩ። የአጎቴ የአብደላን ንግግር ሳነብም ሳቅኩ፤ ድምፁ ከነግርማው መጣልኝ። አሚናችሁን አላህ ይቀበለው ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎ በጥሩ ቀን ነው የደረሰኝ። ባክቴሪያዎቹን አርብተን፣ ቆዳቸውን ገፈን፣ ፕሮቲኖቹን በረጋ ነገር ውስጥ በኤሌክትሪክ እናስሮጣቸዋለን። ከባዱ ላይ ይቀራል፣ ቀላሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀለም ሲነከር እያንዳንዱ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይታያል። ከዚህ አገር፣ ከአውሮፓና ከአፍሪካ የመጡትን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው መስመሮቹ እንደ ገበያ ሰው ይለያያሉ። አንዱ ብቻ በሁሉም ላይ በአንድ ቦታ ቆሞ አየሁት። ከበሽታው የዳኑ ሰዎችን ደም ስናስነካው ያንን መስመር የብዙዎቹ ደም ያውቀዋል። አለቃዬ አይታ «ቀስ በል» አለችኝ። ቀስ ማለት ግን አልቻልኩም፤ በባሕሩ ዳር እስከ ጨለማ ድረስ ብቻዬን ስሄድ አመሸሁ።

ገና ብዙ ይቀራል። መጀመሪያ አይጥ ላይ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሰው። ግን ሸኩርን ዛሬ እንደ ሙት አላሰብኩትም።

የጉልበት ቅባቱን ወደ አገር በሚመለስ ተማሪ እልካለሁ። ድንጋዩንም አብሬ እልካለሁ፤ አይቆጡኝ።

ልጅዎ ቲጃኒ


ጅማ፣ ጥር 11 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለቲጃኒ፣

አሰላሙ አለይኩም። የመልስህን ደብዳቤ ገና አላገኘሁም። መጠበቅ ስላልቻልኩ ይኸው በላዩ ሌላ ጻፍኩ። ዛሬ ቅባትም ምንም አልጠይቅህም።

በሽታው ተመልሷል። በታች በኩል ነው የጀመረው ይላሉ፤ እዚህ ጅማም ቀብር በዝቷል። አንገቱ የደረቀ ልጅ በቃሬዛ ሲያልፍ ሱቄን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ጠረኑን የማውቀው ይመስለኛል። ሰው በሽታ ጠረን የለውም ይለኛል፤ እነሱ ምን ያውቃሉ።

ጤና ጥበቃዎች መርፌ ይዘው መጥተዋል። ገበያ ውስጥ የማውቀው እሱባለው የሚባል ድሬሰር አለ፣ ጨዋ የክርስቲያን ልጅ ነው፣ ለእናቱ ነጠላ ከኔ ነው የሚገዛው። ደዶ ወርደው እንደነበር እሱ ነገረኝ። «እሜቴ፣ የእርስዎ ዘመዶች ያሉበት መስመር አንድም ሰው አልወጣልንም፤ የራሳችን ሐኪም ባሕር ማዶ የተሻለ እየሠራልን ነው፣ ይህኛው እንደማይረባ እሱ ራሱ ጽፏል አሉን» አለኝ።

ቲጃኒ፣ ይህን ወሬ ያሰራጨሁት እኔ ነኝ። ያልከውን ነው ያልኩት፤ ግን አንተ አስረዝመህ ያልከውን እኔ አሳጥሬ አልኩት።

በማግስቱ ደዶ ሄድኩ። አብደላን ያዝኩት። «የቲጃኒ መርፌ ገና ነው፣ ያለውን ተወጉ» አልኩት። «በደብዳቤው ላይ እንደዚያ አይልም፤ አንቺው አንብበሽልናል» አለኝ። የማያነብ ሰው የሰማውን አይረሳም፤ ቃል በቃል መለሰልኝ። «ካስፈለገ ቲጃኒ ራሱ ይጻፍ» አለ። ከዚያ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣና ዝቅ ባለ ድምፅ ሌላውን ነገረኝ። መርፌው ሽጉጥ ይመስላል። ይህ ግን ምክንያት አይደለም። የሚወጋው ሰው ስሙና ዕድሜው ይጻፋል። ዓምና ዕድሜ ከተጻፈ በኋላ ሸምሰዲን ወዴት እንደተወሰደ አብደላ ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ። ያንተ ደብዳቤ ለእሱ በር ሆነለት፤ ፈራሁ ከማለት ልጃችንን እንጠብቃለን ማለት ይቀላል።

አንድ ነገር ጻፍልኝ። በሰው ፊት የማነበው። አጭር ይሁን። ካባና ቆዳ አይኑርበት። ወላሂ በልበት። ቶሎ ላክ፣ በሽታው የሚበረታበት ደረቁ ወራት ገና አላለቀም።

አዳዳህ ሐጂራ


ሀቫና፣ የካቲት 29 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለውድ አዳዳ ሐጂራ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ይህ ሲደርስዎት ሚያዝያ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ቴሌግራም ልልክ ሞከርኩ፤ ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ የግል ቴሌግራም ምክንያቱ ይጠየቃል፣ በአገር ውስጥ በሽታ አለ ብሎ መጻፍ ደግሞ አይፈቀድልህም አሉኝ።

አዳዳ፣ ያሳጠሩት እርስዎ ቢሆኑም የሳቅኩት እኔ ነኝ። የአጎቴ የአብደላ ቃል ታኅሣሥ ላይ በእጄ ነበር። የተማርኩት እኔ፣ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ የነበረብኝም እኔ። በመስመሬ ተደስቼ ስለነበር «አሚናችሁን ይቀበለው» ብዬ አለፍኩት። ያን ደብዳቤ አሁን መንገድ ላይ ሮጬ ብይዘው በወደድኩ።

ወላሂ በልበት ብለውኛል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ሁሉንም ይጠብቃል ብዬ ልምል አልችልም፤ ሁሉንም አይጠብቅም። አጭር እንዲሆን ሞክሬያለሁ፤ የሚነበበው ይኸው።

«ለደዶ ዘመዶቼ። እኔ ቲጃኒ ነኝ። የኔ መርፌ ገና አልተሠራም፤ ዓመታት ይፈጃል። አሁን የመጣው መርፌ ለዚህ በሽታ ጥሩ ነው፣ ወላሂ። ሁለት ዓመት የሞላው ሁሉ ይወጋ። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን መርፌው ብዙ አይጠብቀውም። ቢወጋም ተማምናችሁ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ አታውጡት፣ እንግዳ አያቅፈው፤ ትኩሳት ካያችሁ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት።»

ይህንን ቃል አያሳጥሩብኝ፣ በአላህ።

ልጅዎ ቲጃኒ


ጅማ፣ መጋቢት 16 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለቲጃኒ፣

አሰላሙ አለይኩም። ረመዷን ሊገባ ነው፤ አላህ በጤና ያድርሰን። ያዘዝኩህ ደብዳቤ አልደረሰኝም። የደረሰኝ የታኅሣሡ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከኔ ስማው።

የየካቲት መጨረሻ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ፖስታህን ይዤ ሱቅ ስገባ አብደላ ከነደዶዎቹ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ለጢፋም ፈድሊያን አዝላ መጥታ ነበር። አብደላ ፖስታውን አየና «መጣ፣ አንብቢ» አለ። ከፈትኩት። ያንተ ሳቅ፣ ሰማያዊ መስመር፣ የባሕር ዳር ሽርሽር፣ አሚናችሁን አላህ ይቀበለው። ሰዉ ሁሉ አፌን ያያል።

ዓይኔን ያንተ ጽሑፍ ላይ ተከልኩና የሌለውን አነበብኩ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፍኩም። «እኔ ቲጃኒ» አልኩ፤ «የኔ መርፌ ገና ነው፣ ያለውን ተወጉ፣ ትልቅም ትንሽም አይቅር፣ ወላሂል አዚም» አልኩ። ሌላም ብያለሁ። በኦሮምኛ ስመልሰው ድምፄ ከአማርኛው በልጦ ወጣ። አብደላ አለቀሰ። ለጢፋ ፈድሊያን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት።

የስሙን ነገር ደግሞ ከእሱባለው ጋር ጨረስኩ። «እኔ ጨርቅ ስለካ የገዢን ስም እጠይቃለሁ ወይ?» አልኩት። በሚቀጥለው ሐሙስ መሣሪያውን ይዞ ሱቄ መጣ። ገበያ ቀን ማን ከየት እንደመጣ የሚቆጥር የለም። የአብደላ ልጆች በሙሉ፣ ሚስቱ፣ ጎረቤቶቹ፣ ከዚያም ወሬውን የሰማ ሁሉ የጨርቁን ቦንዳ ተደግፎ ተወጋ። ለጢፋም ፈድሊያን ይዛ ተሰልፋ አስወጋቻት። እኔም ተወጋሁ፣ ምንም አያምም።

በስምህ ማልኩ። ሐራም መሆኑን አውቃለሁ፤ ከአላህ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። አንተ ግን ተቆጥተህ እንደሆነ ጻፍልኝ።

አዳዳህ ሐጂራ


ጅማ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለልጄ ለቲጃኒ፣

አሰላሙ አለይኩም።

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ፈድሊያን ቀበርናት። በረመዷን ሁለተኛው ሳምንት ነው። ትንሽ አተኮሳት። ለጢፋ «ተወግታለች እኮ፣ ጥርስ እያወጣች ነው» ብላ አሳደረቻት። ጠዋት ስደርስ ራሷ ላይ ያለው ለስላሳው ቦታ ተነፍቶ አየሁት። ሆስፒታል ተሸክመናት ሮጥን። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አደረጉ።

ደዶ በአብደላ መስመር አንድም ሰው አልሞተም። ማዶ ባለው መስመር፣ መርፌ ባልገባበት፣ ቤት ተዘግቷል። አብደላ መጥቶ እጄን ስሞ ሄደ። እጄን ሲስመኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከቀብሩ በኋላ የየካቲቱ ደብዳቤህ ደረሰ። ለብቻዬ አነበብኩት። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ያልከው ጋ ስደርስ መነጽሬን አወለቅኩ። ከተወጋች ወዲህ ገበያ መሐል ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ስትተላለፍ የሰነበተችው እሷ ናት፤ ሁሉም ሲስማት ነበር። እኔም ተማምኜ ዝም ብዬ አየሁ።

ለጢፋ አትጮህም። ቀስ ብላ ነው የምትጠይቀኝ። «ቲጃኒ ምሎ የለም እንዴ?» ትለኛለች። ትናንት ደግሞ «ያን ደብዳቤ ስጪኝ፣ ራሴ ላንብበው» አለችኝ። ልጄ ማንበብ ትችላለች። ምን ልስጣት? አንደኛው ውስጥ ሳቅህ ነው ያለው። ሁለተኛው ውስጥ ልጇን የሚያድን ቃል ነው ያለው፣ ዘግይቶ የመጣ። እንደዋሸሁ ልነግራት ተነሥቼ ነበር። ለለጢፋ ከነገርኩ ደዶም ይሰማል። የደዶ ሰው ከሰማ ለከርሞ መርፌም ደብዳቤም አያምንም፤ የአብደላ ልጆች መርፌ ደግሞ ያልቃል ያልከው አንተ ነህ። ጠፋብኝ ብያታለሁ። አላመነችኝም።

ምን እንደማደርግ ጻፍልኝ። እስከዚያ ዝም እላለሁ።

ሐጂራ


ሀቫና፣ ሰኔ 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእናቴ ለአዳዳ ሐጂራ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ፈድሊያን ለእናትና አባቷ የጀነት መቅደሚያ ያድርጋት። ለእርስዎም ሶብሩን ይስጥዎት።

የመጋቢቱና የሚያዝያው ደብዳቤዎ በአንድ ቀን፣ በአንድ ላስቲክ ታስረው ደረሱኝ። የመጋቢቱን መጀመሪያ ከፈትኩ። ዓይንዎን ጽሑፌ ላይ ተክለው የሌለውን ሲያነቡ ታየኝና ላቦራቶሪው መሐል ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሰዎቹ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ሁለተኛውን እየከፈትኩ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበውን ልንገርዎት። እኔ ሦስት ጊዜ ጀምሬ የቀደድኩት፣ እውነቱን ሳላጎድል ለመጻፍ ነበር። ጻፍኩትም። እውነቱ ሳይጎድል ሚያዝያ ላይ ደረሰ። የእርስዎ የጎደለው ቃል የካቲት ላይ ደረሰና የአጎቴን የአብደላን ልጆች አተረፈ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ማታ ማታ አስባለሁ። ፈድሊያ ግን ከሁለቱ መካከል ነው ያመለጠችን፤ መጀመሪያ ሳልስቅ «የኔን መርፌ አይጠብቁ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ እርስዎ የሌለ ነገር ማንበብ አያስፈልግዎትም ነበር።

ስለ ሥራዬ ባይጠይቁኝም ልንገርዎት። ያ የቆመው መስመር አይጦቹን ከአንዱ ዘር አዳናቸው፣ ከሌላው አላዳናቸውም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረናል። ድሮ ለማን ነው የምትሠራው ሲሉኝ ለሸኩር እል ነበር። ሸኩር ትልቅ ልጅ ነበር፤ አሁን ያለው መርፌ በዘመኑ ደርሶት ቢሆን ያድነው ነበር። የኔን መርፌ የምትፈልገው ፈድሊያ ነበረች።

ለጢፋን በተመለከተ፣ ከዚህ ጋር ለሷ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ አለ፤ ሳይከፍቱ ይስጧት። «የማልኩት እኔ ነኝ፣ ትልቅም ትንሽም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስለ ሕፃናት ማስጠንቀቅ ሲገባኝ በጊዜው ያላስጠነቀቅኩት እኔ ነኝ» ብያታለሁ። ይህ ውሸት አይመስለኝም። በሰው ሁሉ ፊት በስሜ ተነብቧል፣ በስሜ ታምኗል። ብትረግመኝ ትርገመኝ። አገር ስገባ መጀመሪያ የምሄደው ቦሳ ኪቶ ነው፤ ፊቷ ቁጭ ብዬ የምትለኝን እሰማለሁ። እርስዎ ግን ልጅዎን እንዳያጡ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። «ሌላም ብያለሁ» ብለው ጽፈዋል። ያን ሐሙስ ያነበቡትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ይጻፉልኝ፤ ምንም አያሳጥሩ። ለጢፋ ስትጠይቀኝ ማወቅ አለብኝ። የማልኩትን ከሁላችሁ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ልጅዎ ቲጃኒ